አማቺ የሚጠሩት ስም

ልጄ ትናንት ሃምሳ ቀን ሞላት። ስሟ ሶስና ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ «አባቷ ህንድ ሆኖ እንዴት የሐበሻ ስም ወጣላት?» ይሉኛል። የሐበሻ ብቻ አይደለም።

ባሌ ኮታያም የሚባል ከተማ ነው የተወለደው፤ ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ውስጥ። ስሙ ኩሪያኮስ፣ የአባቱ ስም ጊቫርጊስ። መጀመሪያ ለእማዬ በስልክ የነገርኳት ቀን ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ኩሪያኮስ... ቂርቆስ ማለት እኮ ነው!» አለች። እማዬ ቂርቆስ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ወር በገባ በ15 ከደጁ የማትቀር ሴት ናት። የአባቱን ስም ስነግራትማ «ጊዮርጊስ!» ብላ እልል አለች። የህንድ ክርስቲያን ለእማዬ እንግዳ አልነበረም። በጥር 1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበስቡ የህንዱ ካቶሊኮስም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኗ መሪ፣ መጥተው ነበር። እማዬን ሂሳብ ያስተማሯትም የኬረላ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ተምሮ ህንድ አስተማሪ ያልገጠመው ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ ስም ማውጣቱ አይከብደንም ብዬ ነበር። ከበደን።

በነሱ ዘንድ፣ የሶርያን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሚከተሉት የኬረላ ክርስቲያኖች፣ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለች። ሁለተኛዋ ደግሞ የእናቷን እናት። የአማቴ ስም ሶሳማ ነው። ቤተሰቡ ግን «አማቺ» ነው የሚላቸው። በማላያላም፣ በኬረላ ቋንቋ፣ እናት ወይም አያት ማለት ነው፤ ለኔ ጆሮ ያው አማች ነው። «ሶሳማ» የሚለውን ግን ልቤ አልተቀበለውም። የባሌ እህት ራሷ «የአሮጊት ስም ነው» አለችን። በሷ ዘመን ጂጆ፣ ሲጆ፣ ሊጆ ነበር የሚወጣው፤ ከእናትና ከአባት ስም ድምፅ እየተወሰደ የሚገጠምም አለ።

እኔ የፈለግኩት ቤዛን ነበር። ከሷ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። ያንን ኀዘን የምትክስልኝ እሷ መስላ ታየችኝ።

ማላያላም የ«ዘ» ድምፅ የለውም። አማቺ በቪዲዮ ሲሞክሩት «ቤሳ» ሆነ። ደገሙት፤ «ቤሳ»። እኛ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ከንፈሬን እያዩ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያ ዝምታ ነው። አሜሪካኖች ስሟን ቢያበላሹት ግድ የለኝም፤ ቀስ ብለው ይለምዱታል። አያት ግን የልጅ ልጃቸውን ስም ሲጠሩ ማፈር የለባቸውም።

ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከጉጃራት የመጡ ሂንዱዎች ናቸው። በነሱ ልማድ የልጁ ስም የሚጀምርበት ድምፅ የሚገኘው ሲወለድ ጨረቃ ከነበረችበት ቦታ ነው። 27 የጨረቃ ማረፊያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ 4 ድምፅ፣ በድምሩ 108። ስሙን የምታወጣው የአባት እህት ናት። አክስትየዋ አህመዳባድ፣ ልጁ እዚህ። ስልክ ሲደወል ያደረ ቤት ነው።

ወደኛ ልመለስ። እማዬ ልታርሰኝ መጥታ ነበር። አንድ ማታ ኩሽና ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። በመሃል «ለመሆኑ ሶሳማ ምን ማለት ነው?» አለች። ኩሪያኮስ መለሰ፣ እኔ አስተረጎምኩ። «አማ እናት ማለት ነው። ሶሳ ደግሞ በመጽሐፉ ያለችው፣ ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት የከሰሷት፣ ዳንኤል ያዳናት ሴት።»

የእማዬ ቢላዋ ቆመ።

«ሶስና ናታ!» አለች። «መጽሐፈ ሶስና!» ልጣጩ ጣቷ ላይ እንደተጣበቀ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው።

አብረውኝ የተማሩ ሦስት ሶስናዎች አውቃለሁ። ወራት ሙሉ ስሸሸው የነበረው ስም የነሱ ስም መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም። ቤዛን መተው ግን አሁንም ያመኛል፤ ይህን አልደብቅም።

በተወለደች በሁለተኛው ቀን ቅጽ መጣልን። ሦስት ቦታ አለው፦ የራስ ስም፣ የመሃል ስም፣ የቤተሰብ ስም። ህንድ ሁሉ የቤተሰብ ስም ያለው ይመስላችሁ ይሆናል። ኬረላ ላይ ግን ብዙ ሰው እንደኛው የአባቱን ስም ነው የሚያስከትለው። የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከፊት የሚያስቀምጥ አለ፤ የቤታቸውን መጠሪያ ፊደልም የሚጨምር አለ። ቅጹን ያመጣችልን ሴት «የቤተሰብ ስማችሁ የቱ ነው?» ስትል እኔና እሱ ተያየን። ከዚያ ብዕሩን ወስዶ ጻፈ፦ ሶስና ኩሪያኮስ ጊቫርጊስ። ልጅ፣ አባት፣ አያት። ልክ ቀበሌ መታወቂያ ላይ እንደሚጻፈው።

በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና ስሟን ያኔ እንሰማለን። ቤት ውስጥ እማዬ «ሚጣ» ትላታለች፣ አባቷ «ሞሌ»፤ በነሱ ሴት ልጅን ሲያቆላምጡ እንዲህ ነው።

ስሟን እስክትወለድ ድረስ ለአማቺ አልነገርናቸውም ነበር። ከሆስፒታል እንደወጣን ኮታያም ደወልን። እዚያ መሽቷል። አማቺ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «ስሟ ሶስና ነው» አልኳቸው። ከንፈሬን አላዩም።

«ሶስና» አሉ፣ በአንድ ጊዜ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሯት ጀመር፤ ልክ ከጓሮ ሮጣ የምትመጣላቸው ይመስል።