ሐምሌ ላይ የተከፈቱ ቀፎዎች

በአንድ ደጋ ቀበሌ፣ ከከብት በተከለለ ተራራ ሥር፣ የወጣቶች ማኅበር 12 የሽግግር ቀፎ ነበረው፤ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ፣ ንቦች እንጀራቸውን የሚሠሩባቸው እንጨቶች ከላይ የተደረደሩበት ቀፎ ነው። በክረምቱ ተረኛ የሆነው ልጅ ሥራ የማያውቅ አልነበረም፤ ሠልጥኗል፣ ማጨሻ ያቀጣጥላል፣ ንግሥቷንም ለይቶ ያውቃል። ያስቸገረው ስጋቱ ነው። ቀፎዎቹ በብድር የተገዙ ናቸውና ዝናቡ በበረታ ቁጥር «ርቧቸው ይሆን? ጉንዳን ገብቶ ይሆን?» እያለ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ክዳን ያነሣል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሁለቱ ቀፎ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማር የለ፣ እጭ የለ፤ ንቦቹ ኮብልለዋል።

ንቦች እጭ ያለበትን የሰም እንጀራ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ ያቆዩታል። በደጋ ብርድ ክዳን ተነሥቶ እንጨቶቹ ሲፈናቀሉ ያ ሙቀት ይወጣል። እሱን ለመመለስ ሠራተኞቹ የክንፋቸውን ጡንቻ እያንቀጠቀጡ ማር ይጨርሳሉ፤ ዝናብ ነውና ከውጭ የሚገባ ምትክ የለም። ጭሱም በነፃ አይደለም፦ ጭስ የሸተታት ንብ ሆዷን በማር ትሞላለች። ስንጥቅ የደፈኑበት ሙጫ ይሰበራል፣ የተንጠባጠበው ማር ጉንዳን ይጠራል። ይህ ሲደጋገም ንግሥቷ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፤ የቀረው እጭ ደርሶ እስኪወጣ ይጠበቅና ማሩ ተበልቶ መንጋው በሙሉ ይነሣል። ልጁ ባዶ ቀፎ ያገኘ ዕለት የመሄዱ ዝግጅት ከተጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው።

የደብሩ መሪጌታ ለጧፍ ሰም ሲሉ ንብ ያረባሉ። ወሬውን ሰምተው መጡና ማጨሻውን ከልጁ እጅ ተቀበሉት።

«የኔታ፣ ካልከፈትኩ በምን አውቃለሁ?»

«ከደጁ ነዋ ልጄ። ውስጡን ለነሱና ለእግዚአብሔር ተውላቸው።»

«የሰማይ ወፎችን ተመልከቱ ይላል፤ እነሱ በጎተራ አይከቱም። ንብ ግን ታከማቻለች። እኔስ ባስብ ምን አለበት?»

«አበባውን የሰጣት እሱ ነው፤ ቀፎዋ ድረስ ግን አያመጣላትም፣ ወጥታ ትቅሰም። መውጣት ያቃታት ቀን ደግሞ ከእኅቶቿ ጋር ተጠጋግታ ትሞቃለች እንጂ ዝናቡን ላቁም አትልም።»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ብዙ ሰው ያንን ቃል እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ይጠቅሰዋል፤ መሪጌታው ግን ከጸሎቱ በፊት ሥራውን ነበር የዘረዘሩለት።

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ጧት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከበሩ ጎን ሆኖ ዐሥር ደቂቃ ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት መቆም የንቦቹን መንገድ ይዘጋል፣ ያስነድፋል። በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የአበባ ብናኝ ይዘው የሚገቡ ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ። ብናኙ ለቀናት ከጠፋ፣ አየሩ ጥሩ ሆኖ ሳለም የሚመላለሱት ከሳሱ፣ ኩብለላ ሊሆን ይችላል። ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ እየተጎተተ ከተጣለ ምግብ አጥሯል፤ ነጭ እጭ ደጃፍ ላይ ከወደቀ ደግሞ ረኃብ ወይም ብርድ ሊሆን ይችላል። ማሩን ለመገመት ቀፎውን ከኋላ በኩል በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ነው፤ እጅ ከዕለት ዕለት ክብደቱን ይለምደዋል።

ከቀለለ ይመገባል፦ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር የፈላ ውኃ ሟሙቶ፣ ለብ ሲል፣ ግማሽ ሊትር ገደማ በሰፊ ሳሕን ይደረግና ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭድ ይበተንበታል። የሚሰጠው ሲመሽ ነው። በቀን ከተሰጠ ሽታው የሌላ ቀፎ ዘራፊ ይስባል፤ በሩንም ማጥበብ ያስፈልጋል። በሶም በደረቁ ይቀርብላቸዋል። ለጉንዳኑ የማስቀመጫው እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ፤ ቀፎውን የነካ አንድ ሣር ግን ድልድይ ሆኖ ዘይቱን ከንቱ ያደርገዋል። ልጁ የዘነጋው እሱን ነበር፤ ቀፎ በከፈተ ቁጥር ሣሩን አላየውም።

ዐሥሩ ቀፎ ክረምቱን ወጣ። ባዶዎቹ ተፍቀው፣ ሰም ተቀብተው፣ በወይራ ታጥነው በመስከረም ዛፍ ላይ ተሰቀሉ። አደይ አበባ ሲፈነዳ ንብ ይበዛል፣ መንጋም ይነሣልና አንደኛው ንብ ገባበት። ልጁ የጠየቀው መቼ እንደሚከፍተው ነው። አዲስ የገባ መንጋ እንጀራ ሠርቶ እንቁላል እስኪጣልበት አይነካም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብናኝ ሲገባ ካልታየም ከዚያ በላይ።