ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት

ልጄ ጉድፍ የያዘው ቀን የመጀመሪያ ሥራዬ ያስያዘውን ሰው መፈለግ ነበር። ትናንት አብሮት ሲጫወት የዋለውን የጎረቤት ልጅ ጠረጠርኩ፤ እናቱንም በልቤ ወቀስኳት። የቀን መቁጠሪያ ይዤ ወደ ኋላ ስቆጥር ግን ነገሩ ተገለበጠ። የጉድፍ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ10 እስከ 21 ቀናት ስለሚወስድ፣ የትናንቱ ጨዋታ ለዛሬው ሽፍታ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በሽታው ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምር፣ ያንን ልጅ ያጋለጠው የእኔው ልጅ ነበር።

ማታ ልብሱን ሳወልቅለት ሆዱ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረች ፊኛና የደረቀ ቅርፊት ጎን ለጎን ይታዩ ነበር፤ የጉድፍ መለያው ይኸው በአንድ ጊዜ መቀላቀላቸው ነው። ሁሉም ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ ከሌሎች ልጆች አራቅሁት። ለትኩሳቱም አስፕሪን አልሰጠሁትም፤ በእንዲህ ያለ ሕመም ወቅት አስፕሪን የልጆችን ጉበትና አንጎል ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ኩፍኝ ከዚህም የባሰ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀናት በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ በዚያን ጊዜ የሚታየው ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ብቻ ስለሆነ ማንም ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ቫይረሱ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ አየር ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ምልክት አይቶ መለየት ብዙም አያዋጣም፤ የሚያዋጣው አስቀድሞ መከተብ ነው።

ሽፍታ የሚያወጡ ሕመሞች ሁሉ ግን እንዲህ አይደሉም። በጥፊ የተመታ ይመስል ጉንጭን የሚያቀላው ፓርቮ ቫይረስ፣ ቅላቱ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ መተላለፉን አቁሟል። እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ቁስል የሚያወጣው ሕመም ቫይረስ በአንጻሩ ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በሰገራ ይወጣል፤ ስለዚህ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል።

በነጋታው ለጎረቤቴ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ቀኖቹንም አብረን ቆጠርን። ከጨዋታው ቀን በ14ኛው ጠዋት ደወለችልኝ፤ ልጇ ጀርባው ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች ወጥተውበታል።