የድራማ ምልልስና የቡና ላይ ወግ፦ ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁት

ለቲያትር ክበባችን የቴሌቪዥን ድራማ ጽሑፍ በማዘጋጅበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር። በቴሌቪዥን የምንሰማው ምልልስ ቃላቱ የእኛው ሆነው ሳሉ፣ ደሴ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እንደምሰማው ወግ የማይሆነው ለምንድን ነው? መልሱን በግምት ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለቱንም በወረቀት ላይ አስፍሬ ለማስተያየት ወሰንሁ።

ሆጤ አካባቢ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ቡና ሊጠጡ የሚሰበሰቡትን ጎረቤቶች አስቀድሜ አስፈቅጄ፣ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ሰው ሁሉ መቀረጹን ስለሚያስብ ንግግሩ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ይመስል ነበር፤ ከቶና በኋላ ግን ስልኩ ስለተረሳ የተጠቀምሁት ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ስገለብጥ ምንም አላረምሁም፤ ተቆርጦ የቀረውን ቃል፣ ሳቁን፣ ሁለት ሰው እኩል የተናገረውንም ሳይቀር ጻፍሁ። ከቴሌቪዥን ድራማዎችም ቡና ላይ የሚደረጉ ንግግሮችን በዚያው መንገድ ገለበጥሁ።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ በመጀመሪያ የሚታየው የቃላት ልዩነት አይደለም፤ የአድማጩ ድርሻ ነው። በድራማ ልማድ አንዲት እናት ስለ ልጇ ስደት ስትናገር፣ «ልጄ ለእኔ ሳትነግረኝ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች» ብላ ዐረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ ታደርሰዋለች፤ ሌላዋም ዝም ብላ ሰምታ ተራዋ ሲደርስ ትመልሳለች። አክስቴ ቤት የተቀረጸው ግን እንዲህ ይላል፦

«ያቺ ልጅ እኮ…»
«እህ…»
«ሰኞ ለት ተነሥታ፣ ለእኔ ሳትነግረኝ፣ እዚያ ኢሚግሬሽን ሄዳ…»
«ፓስፖርት?»
«ይኸውልሽ!»
«ኧረ ወላሂ በይ!»

ሳዑዲ የሚለው ስም አልተነሣም፤ ማሰሪያ አንቀጹንም ማንም አልተናገረውም። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ የሚያመጣ ቋንቋ በመሆኑ፣ ተናጋሪው «ተነሥታ፣ ሄዳ» እያለ ሲደረድር አድማጩ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከአፉም ይነጥቀዋል። ያ «እህ» ደግሞ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ የሚባለው፣ «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ» የሚለው ድምፅ ነው። በወረቀቴ ላይ ከማንኛውም ቃል ይልቅ የሚደጋገመው እርሱ ሲሆን፣ ከድራማዎቹ በገለበጥሁት ውስጥ ግን ከናካቴው የለም ለማለት ይቻላል።

ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ጽሑፍም ነገሩን ግልጽ አደረገልኝ። ሃርቪ ሳክስ፣ ኢማኑኤል ሼግሎፍና ጌል ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ የመናገር ተራ የሚተላለፈው ተነጋጋሪዎቹ በዚያችው ቅጽበት በሚያደርጉት ነገር እንደሆነ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዐሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አግኝቷል። በዚህ ፍጥነት የሚመልስ ሰው ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ እየጠበቀ ሊሆን አይችልም። በዚያው ዓመት ፓውሎ ኳሊዮ «ፍሬንድስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ከአሜሪካውያን የዕለት ንግግር ጋር አነጻጽሮ፣ ብዙ የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖርም የቴሌቪዥኑ ምልልስ ስሜትን የሚያጎሉ ቃላት እንደሚበዙበት፣ ደፈናና ያልተቋጨ አነጋገር ግን እንደሚያንስበት ጽፏል። የእኛም «እንትን»፣ «ምን ይባላል» እና «ምናምን» ከድራማ የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ድራማ የሚናገረው ቤቱ ተቀምጦ ለሚያይ፣ ልጅቷንም ሰፈሩንም ለማያውቅ ሰው ነውና ነገሩ ሁሉ በስሙ መጠራት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተው ከቃና ቴሌቪዥን ወዲህ በብዛት የለመድናቸው በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የውጭ ድራማዎች ደግሞ ሌላ ገደብ አለባቸው፤ ንግግሩ ከተዋናዩ የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር መገጣጠም ይኖርበታል።

ይህን ካየሁ በኋላ እንኳ ወጉን እንዳለ ወደ ድራማ ማዛወር ይገባል ብዬ አላምንም። አንድ ወሎዬ ከብቱንም ልጆቹንም ጠይቆ፣ ሁለቱም ወገን እኩል እየተናገሩ ሰላምታው እስኪያልቅ ቢጠበቅ ትዕይንቱ ያበቃል። ስልክ መዝጋትም እንደዚሁ ነው፤ ሼግሎፍና ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳስረዱት ንግግር የሚዘጋው ሁለቱም ወገኖች ሌላ የሚያነሡት እንደሌለ ከተግባቡ በኋላ ሲሆን፣ ከኮምቦልቻ የሚደውልልኝ ወንድሜም «እሺ በቃ» ካለ በኋላ «እሺ» መባባላችን ይቀጥላል። የድራማ ሰው ስልኩን ያለ ስንብት ቢዘጋው አልከፋም፤ ጊዜው ውድ ነው።

አድማጩን ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በራሴ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን የእናቲቱን ትዕይንት እንደገና ስጽፍ ለእናቲቱ ሰጥቼው ከነበረው ንግግር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቆርጬ አወጣሁ፤ «ፓስፖርት» የሚለውን ቃል ለጎረቤቲቱ ሰጠሁ፤ «ሳዑዲ» የሚለውን ግን ተመልካቹ ሊያውቀው ስለሚገባ እንዲቆይ አደረግሁ፤ እርሱንም የምትጠራው ጎረቤቲቱ ናት። የክበቡ ልጆች ሲለማመዱት እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ ፊቷን ወደ ተመልካች ማዞር ትታ ወደ ጎረቤቷ ዞረች፤ እኔ ግን እንደዚያ አድርጊ አላልኋትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ የሚናገረውን፣ በቀኝ ደግሞ በዚያው ሰዓት የሚሰማው ሰው የሚያደርገውን እጽፋለሁ፤ ቀኙ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት ግራውን አሳጥራለሁ።