ያተረፍኳት 7 ደቂቃ

እሑድ ጠዋት 32 ኪሎ ሜትር ነበረብኝ። ማታውኑ ጫማዬን፣ ካልሲዬን፣ አራት ጄል (እየሮጡ ጨምቀው የሚውጡት ጣፋጭ ስንቅ) እና ሁለት ኮዳ ውሃ በሩ አጠገብ ደርድሬ ተኛሁ። መተኛት ከተባለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ነው ያነጋሁት።

ማራቶኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይሄኛው ከልምምዱ ሁሉ ረጅሙ ሩጫ ነው፤ ከዚህ በኋላ ርቀቱ እየቀነሰ፣ እግር እያረፈ ይሄዳል። ብዙዎቹ የልምምድ ፕሮግራሞች ከ32 አያልፉም። የቀረችው 10 ኪሎ ሜትር ምን እንደምትመስል የሚታወቀው የውድድሩ ቀን ነው። ይህን ያሰበው ሰው ቀልድ የሚወድ መሆን አለበት።

የምሮጠው ሐይቅ ዙሪያ ነው። አንዱ ዙር 8 ኪሎ ሜትር፣ አራት ጊዜ። መኪናዬን መነሻው ላይ ስለማቆም ውሃውም ጄሉም እዚያው ይጠብቀኛል። ጥሩ ዘዴ ይመስላል አይደል? ችግሩ በየዙሩ በመኪናዋ በር አጠገብ ማለፍ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ። ወንበሩ ደግሞ ለስላሳ ነው።

ዕቅዱ ግልጽ ነበር። ማራቶኑን በ4 ሰዓት ተኩል ልጨርስ ነው የማስበው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ማለት ነው። ረጅም ልምምድ ግን ከዚያ ቀስ ተብሎ ነው የሚሮጠው፤ ለእኔ 7 ደቂቃ። ስለዚህ አንድ ዙር በ56 ደቂቃ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ታናሽ እህቴ መጣች።

«እትዬ፣ የመጀመሪያውን ዙር ልሸኝሽ» ብላኝ ነበር ቅዳሜ ማታ። ደስ አለኝ። በ11 ዓመት ታንሰኛለች። ሩጫ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ የሩጫ ጫማዋንም እኔው ነኝ የገዛሁላት። አሁን እሷ ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። እኔ ስሮጥ ጎረቤት ይሰማል።

ገና ከመነሻችን ወሬዋን ለቀቀችው። ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጥርሷ ቀጠሮ፣ ሊገዙት ስላሰቡት ሶፋ። እኔ «እህ»፣ «አይ»፣ «ተይ እንጂ» እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም። እየሮጡ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ይህን መለኪያ ደግሞ ለእሷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፈተናው ፊቴ ቀርቦ እሷ ያለ ችግር ታልፋለች፣ እኔ እወድቃለሁ።

«ቀስ በይ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። ታላቅ ነኛ!

40ኛው ደቂቃ ላይ ሰዓቴ ጮኸ። ጄልሽን ብዪ ማለቱ ነው። ጄል መዋጥ ግን ለሁለት ሦስት ትንፋሽ አፍ መዝጋት ይጠይቃል፤ አፌን ከዘጋሁ ደግሞ አበቃልኝ። ደወሉን ዝም አሰኘሁት። «ምንድን ነው?» አለች። «ምንም» አልኳት።

ዙሩን በ49 ደቂቃ ዘጋነው። ከዕቅዱ 7 ደቂቃ ቀድሜ፣ ውድድሩን ልሮጥበት ካሰብኩት ፍጥነት እንኳ በልጬ። «እትዬ፣ እንዴት ፈጣን ሆነሻል!» ብላ ላብ በላብ እንደሆንን አቀፈችኝና ሄደች። እኔም አመንኳት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔም ሁለተኛውን ዙር በ51 ደቂቃ ሮጥኩት። ብቻዬን። ማንም ሳያየኝ። ይቺን ለማንም ማሳበብ አልችልም።

መጠርጠር የጀመርኩት 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ምንም አላመመኝም። ግን ሁለቴ ያለፍኩበት ሜዳ ድንገት ዳገት ሆነብኝ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት። ሜዳ ነው።

እስከዚያ የበላሁት አንድ ጄል ብቻ ነበር፤ እሱም 16ኛው ላይ፣ መኪናዋ ጋ። ወደ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። እንዲህ ላለ ረጅም ሩጫ የሚመከረው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ነው። የቀረውን ከመጠባበቂያ ነበር የምከፍለው። ጡንቻና ጉበት የሚያጠራቅሙት ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚሉት፣ በግምት 2,000 ካሎሪ ያህል ነው። ሩጫ ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ወደ አንድ ካሎሪ ይበላል። እኔ 64 ኪሎ ነኝ። በ32 አባዙት። በእርግጥ ሰውነት ስብም ያቃጥላል፤ ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ከወጪው ጥሩ ድርሻ ስቡ ይሸፍንለታል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ስኳሩ ነው የሚነደው። 49 ደቂቃዋ የት እንደገባች አሁን ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን አልታየኝም። ያን ጊዜ የታየኝ፣ ባለ አራት ጎማ ብስክሌት የያዘ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ሲቀድመኝ ነው። ዞር ብሎ ደግሞ አየኝ። አሳዝኜዋለሁ መሰለኝ።

ሦስተኛው ዙር 58 ደቂቃ ወሰደ። መኪናዋ ጋ ስደርስ እጄን ጣሪያዋ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ሁለተኛውን ጄል ጨመቅኩት። ጣፋጭነቱ አቅለሸለሸኝ። 24 ኪሎ ሜትርም እኮ ብዙ ነው አልኩ። ማን ያውቃል? አልኩ። ከዚያ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ጀግንነት አልነበረም። ቁልፉ ያለበት ኪስ ዚፕ ጨው ይዞት እምቢ ስላለኝ ይመስለኛል።

ሯጮች ይህን ነገር «ግድግዳ» ይሉታል። ለእኔ ግድግዳ አይመስልም። ግድግዳ ይገጫል፣ ያቆማል፣ ቢያንስ ይደገፉታል። ይሄ መብራት የጠፋበት ቤት ውስጥ መሄድ ነው። ሁሉም ዕቃ ቦታው ላይ አለ፤ ምኑም አይሠራም። 27ኛውን ሳልፍ የቀረኝን ላሰላ ሞከርኩ። ከ32 ላይ 27 ሲቀነስ። ስድስት ነው? አራት? ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳስታርቅ የምውል ሰው፣ ይህችን ለመቀነስ በጣቴ መቁጠር ነበረብኝ። ለካ አንጎልም የሚበላው ያንኑ ስኳር ነው።

28ኛው ላይ ሐይቁን በመሀል የሚያቋርጥ የእግረኛ ድልድይ አለ። በእሱ ከሄዱ መኪናው ቅርብ ነው። ምንም ሳልወስን እግሬ ወደዚያ ታጠፈ። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ነው የነቃሁት። ያኔ ዶራንዶ ፒዬትሪ ትዝ አለኝ። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ማራቶን ከሁሉ ቀድሞ ስታዲየም የገባውና ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ የዞረው ጣልያናዊ። ደጋግሞ ወደቀ፤ ሰዎች እየደገፉ መስመሩን አሻገሩት፤ ታግዘህ ነው ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። 42.195 ኪሎ ሜትር የምትባለው ርቀትም የመጣችው ከዚያው ውድድር ነው። ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር «ሰው እንዴት ስታዲየም ውስጥ ይጠፋዋል?» እል ነበር። ይጠፋዋል።

ተመለስኩ። 29.4 ላይ የግራ ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ ጣቶቼን ወደ ራሴ ጎተትኩ። ሁለቴ ለመሮጥ ሞከርኩ፣ ሁለቴም መልሶ ያዘኝ። የቀረውን 2.6 ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩት። 31 ደቂቃ። አለቀስኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ አላለቀስኩም ብልም ውሸት።

በጠቅላላው 3 ሰዓት ከ55። ከመጀመሪያው እንደ ዕቅዱ ብሮጥ ኖሮ 3 ሰዓት ከ44 ነበር። በመጀመሪያው ዙር 7 ደቂቃ አትርፌ በጠቅላላው 11 ደቂቃ ከሰርኩ። መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሪፖርት ባቀርብ ጠረጴዛዬን ሰብስቢ እባላለሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ሙሉውን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። እኔ ሁለት ጣት ሶል ባለው ጫማ ጥፍሬን አጣሁ። ገላዬን ስታጠብ ደግሞ የጡት መያዣው የፋቀኝን ቦታ ሁሉ ውሃው አንድ በአንድ ነገረኝ።

ማስታወሻዬ ላይ «29.4 ሩጫ፣ 2.6 እርምጃ» ብዬ ጻፍኩ። «32» ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር።

አመሻሹ ላይ እህቴ መልእክት ላከች። «እትዬ፣ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን ዝም ያሰኘሁትን፣ ድልድዩን፣ ልጁን ከነብስክሌቱ። ትንሽ ቆይታ መለሰች።

«እኔ እኮ አንቺ እየፈጠንሽ መስሎኝ ነው የተከተልኩሽ። ሶፋ ሶፋ ያልኩት ትንፋሼ ማለቁን እንዳታውቂ ነው።»

ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

«በሚቀጥለው እሑድ 22 አለኝ» አልኳት።

«ልምጣ?»

«ነይ። ግን ከኋላዬ ነሽ።»