የሐረጎን ቁልቁለት የሚችል ቸርኬ ፍለጋ

ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን መንገድ በብስክሌት የወረደ ሰው፣ ስለ ቸርኬ (ጎማው ስለሚለብሰው ክብ ቀለበት) ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ፣ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው የሚጀምር፣ ተሳቢና ገልባጭ መኪና አስፋልቱን በየቦታው ያጎደጎደው መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፍ ከገደሉ ያወረደው አፈርና ጠጠር ኩርባው ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። እኔ መኖሪያዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ይህን ቁልቁለት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እወርደዋለሁ፤ ስመለስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ነው የምወጣው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ሁኔታ ስመላለስ ሦስት ጊዜ ቸርኬ መርጫለሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱን የመረጥኩት በተሳሳተ ምክንያት ነበር።

በመጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ነው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ነክሶ የሚያቆም ዓይነት ነው። ቸርኬዎቹ ጎናቸው ከፍ ያለ፣ ጥቁር ሆነው የሚያብረቀርቁ፣ ከፊት 20 ከኋላ 24 ሽቦ ብቻ ያላቸው ነበሩ፤ ብስክሌቱን እንድገዛ ዐይኔን የሳቡትም እነርሱ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስለነበር፣ እንደ ብዙው ብስክሌት ወዳጅ እኔም የተወዳዳሪዎቹን ቀጫጭን ሽቦና ቀላል ጎማ እያየሁ ነበር የሰነበትኩት። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ለእነርሱ መለዋወጫ ጎማና መካኒክ የጫነ መኪና ከኋላ የሚከተላቸው መሆኑን፣ እኔን ግን የሚከተለኝ ባጃጅ ብቻ መሆኑን ነው። ክብደቴም 82 ኪሎ ነው፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ ቸርኬ የሚመች አይደለም።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ የቁልቁለቱን አጋማሽ እንዳለፍኩ አንድ ጉድጓድ መትቼ ከኋላ በኩል “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ሽቦው 32 ወይም 36 ቢሆን ኖሮ አንዱ ቢጎድል ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል፤ ከ24ቱ አንዱ ሲጎድል ግን ቸርኬው ወዲያውኑ ተወላግዶ ከፍሬኑ ጋር መታሸት፣ ቀጥሎም ጨርሶ አልዞር ማለት ጀመረ። ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የመኪና መቆሚያ እስካገኝ ድረስ በእግሬ ወረድኩ።

ደሴ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ ሸምገል ያሉ የብስክሌት ጠጋኝ አሉ። ሽቦውን ብቻ እንዲቀይሩልኝ ብጠይቃቸውም፣ ጎማውን አውልቀው ቸርኬውን ጋዝ በነካ ጨርቅ ወለወሉና ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። ሽቦዎቹ ከሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታዩ ነበር።

“ጋሼ፣ ይኼ ከጉድጓዱ የመጣ ነው?” አልኳቸው።

“አይደለም ልጄ፤ ቆየት ያለ ነው። እስኪ ቁጠረው፤ ሁሉም በካቴናው በኩል ነው” አሉኝ።

ቆጠርኩ፤ አራቱም ስንጥቅ በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱን ቆይቼ ነው በሚገባ የተረዳሁት። የኋላ ሞዞ (ሽቦዎቹ ሁሉ የሚነሱበት መሀሉ) በቀኙ ማርሽ ስለሚሸከም፣ ቸርኬው መሀል ላይ እንዲቆም የቀኙ ሽቦ ከግራው በጣም ተወጥሮ መታሰር አለበት፤ እንደ እኔ ባለ 10 ማርሽ ብስክሌት ላይ የግራው ውጥረት የቀኙን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የሽቦው ቁጥር ሲያንስ እያንዳንዱ ሽቦ የሚሸከመው ጭነት ይበዛል፣ ስለዚህም አብልጦ መወጠር አለበት፤ ያ ሁሉ ውጥረት የሚያርፈው ደግሞ ስስ በሆነው የቸርኬው ወለል ላይ፣ ጥቂት ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው። ጉድጓዱ የጨረሰው ቀድሞ የተጀመረውን ነገር ነበር።

ሁለተኛው ምርጫዬ የቁጣ ምርጫ ነበር ብል ይሻላል። “ቀላሉ ከተሰበረ ከባዱ አይሰበርም” ብዬ፣ ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ፣ 36 ቀዳዳ ያለው፣ “28” ተብሎ የተሸጠልኝን ገዛሁ። ቤት ወስጄ ጎማዬን ላለብሰው ብታገል አልገባ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የውድድር ብስክሌት 700ሲ የሚባለው ልክ፣ ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ ሲለካ ዲያሜትሩ 622 ሚሊሜትር ነው፤ በከተማችን ብዙ ዘመን የኖረው የባለ ዘንግ ፍሬን ትልቁ ብስክሌት ልክ ደግሞ 635 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም በልማድ “28” ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው 13 ሚሊሜትር ግን በጉልበት የሚሸነፍ አይደለም። ሻጩ አልመልስም አለ፤ እኔም ሳልለካ መግዛቴን ስለማውቅ ብዙ አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ሳላነብ ምንም አልገዛም። ደግነቱ፣ ልኩ ቢሆንልኝ ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር፤ ኒኬል የተቀባ ብረት ውሃ ሲነካው የፍሬን ጎማ ስለማይቆነጥጠው፣ በሐምሌ ዝናብ በሐረጎ ኩርባ ላይ መቆም የማይችል ብስክሌት ይዤ እገኝ ነበር።

ሦስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሙቀት ነበር። እኔና ብስክሌቴ በአንድነት 92 ኪሎ ገደማ እንመዝናለን፤ ይህ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን በፍሬኑ አማካይነት ወደ ሁለት ቸርኬዎች ይገባል። አሉሚኒየም ይህን ሙቀት ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ ለንፋስ ይሰጣል። ካርቦን ግን ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝበት ክሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ሊለሰልስና ጎኑ ሊያብጥ ይችላል። አንድ ወዳጄ ካርቦን እንድገዛ በብርቱ ቢመክረኝም፣ የእርሱ ብስክሌት የዲስክ ፍሬን ያለው መሆኑን ረስቶ ነበር፤ በዲስክ ፍሬን ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ስለማይሄድ ምክሩ ለእርሱ ትክክል ነው፣ ለእኔ ግን አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ ያየሁት የቸርኬውን አሠራር ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ርካሽ ቸርኬ ተቆርጦ ሲታይ እንደ ቦይ ነው፤ ባለ ሁለት ግድግዳው ግን በመካከሉ ባዶ ሣጥን ስላለው፣ ክብደቱ ሳይጨምር መጣመምን እጅግ ይቋቋማል። ክብደት የጥንካሬ ምስክር አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። የሽቦው ቀዳዳ ሽቦው የሚስበውን ጭነት ወደ ዙሪያው የሚያከፋፍል የብረት ቀለበት ወይም ከዳዶው (የሽቦውን ጫፍ ከቸርኬው ጋር ከሚያጠብቀው ትንሽ ብሎን) ሥር የሚገባ ሮንዴላ እንዲኖረው ፈለግሁ፤ የቀድሞው ቸርኬዬ የተሰነጠቀው ያለዚህ ነበርና። የሁለቱ ጫፎች መጋጠሚያ ተበይዶ ወይም በውስጥ ማያያዣ ተገጥሞ ሊሠራ ይችላል፤ በደንብ እስከተሠራ ድረስ ለእኔ ልዩነቱ ብዙም አላስጨነቀኝም። የቀዳዳው ብዛት ላይ ግን አልተደራደርኩም፦ ከፊትም ከኋላም 32።

በመጨረሻ ሁለት ቸርኬዎች ቀሩኝ። አንደኛው ለረጅም ዘመን ሲመሰገን የኖረው የፈረንሳዩ የማቪክ ኦፕን ፕሮ ነው፤ ነገር ግን የቀድሞው ዓይነት የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር ስለሆነ ለቀጫጭን ጎማ ዘመን የተሠራ ነው። ሁለተኛው የስዊዘርላንዱ የዲቲ ስዊስ አር 460 ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው 460 ግራም ያህል ይመዝናል፣ የውስጥ ስፋቱም 18 ሚሊሜትር ነው። ሰፋ ያለ ጎማ ለመጠቀም ስለወሰንኩ ሁለተኛውን መረጥኩና፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሳገኝ ሁለት ሳይሆን ሦስት እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሦስተኛው ምን እንደሚያደርግልኝ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቸርኬ ብቻውን አይሽከረከርም፤ በሞዞና በሽቦ መታሰር አለበት፤ እዚህም ላይ ተሳሳትኩ። የሽቦውን ርዝመት ያሰላሁት የሌላ ቸርኬ ልክ ወስጄ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸው ሽቦዎች 3 ሚሊሜትር ረዝመው መጡ። ዳዶው ጥርሱ ባለበት ሁሉ ተጉዞ ያልቅና ሽቦው ገና ልል ሆኖ ይቀራል። ጋሼ ሳቁብኝና ትክክለኛውን መንገድ አሳዩኝ፦ ርዝመታቸው የታወቀ ሁለት ሽቦዎችን ከነዳዶአቸው ትይዩ በሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አስገብቶ፣ መሀል ለመሀል ወጥሮ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት መለካት፣ ይህንንም በቸርኬው ዙሪያ አራት ቦታ ደግሞ አማካዩን መውሰድ። አዲሶቹን ሽቦዎች መሀላቸው 1.8፣ ጫፋቸው 2 ሚሊሜትር የሆኑትን አደረግኋቸው፤ መሀሉ ቀጠን ያለ ሽቦ ትንሽ ስለሚሳብ፣ ድንገተኛውን ምት አንገቱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አያደርግም።

ጋሼ ቸርኬውን በሽቦ ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ዋልኩ። የውጥረት መለኪያ መሣሪያ የላቸውም፤ ሽቦውን በጥፍራቸው እየነኩ ድምፁን ያዳምጣሉ። የቀኙ ሽቦዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀጭን ድምፅ፣ የግራዎቹ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ወፈር ያለ ድምፅ እስኪያወጡ ድረስ ዳዶዎቹን በሩብ ዙር፣ ከዚያም በስምንተኛ ዙር ያዞራሉ። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች በወጡበት አገር ሽቦ በጆሮ ቢቃኝ ምን ይደንቃል ብዬ ቀለድኩ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም፣ አንዱ ሽቦ አላማራቸውም ነበር። ቸርኬው ቀጥ ብሎ ከዞረ በኋላም አልጨረሱም፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየያዙ በመዳፋቸው አጥብቀው ጨመቋቸው፣ “ክርክር” እያለ ቦታውን ያዘ፤ እንደገናም አቃኑት። ቸርኬዬ ከዚያ ወዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ መቃናት ያስፈለገው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ የቸርኬው ስም ካደረገው ይልቅ የእርሳቸው ጆሮ ያደረገው የሚበልጥ ይመስለኛል።

ጎማውን ከ23 ወደ 25፣ ኋላም ፍሬኑ የሚያሳልፈው መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ 28 ሚሊሜትር አሳደግሁ፤ ንፋሱንም ከ110 ወደ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ቀነስኩ። ይህ ለቸርኬ ከማንኛውም ወጪ በላይ ጠቅሟል። መቀነሱም ልክ አለው፤ አንድ ጊዜ ወደ ሐይቅ ከተማ ስሄድ ሳልነፋ ወጥቼ፣ የውስጥ ጎማው ሁለት ቦታ ተነክሶ፣ የቸርኬው ከንፈርም በጥቂቱ ተጎድቶ ተመልሻለሁ። አሁን ጠዋት ሳልለካ አልወጣም።

ዝናብና ጭቃ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት መጨረሻ ላይ ፍሬኑ እንደ ወፍጮ መፍጨት ሲጀምር የፍሬኑን ጎማ አውልቄ አየሁት፤ ውስጡ ጠጠርና፣ ከቸርኬው ራሱ የተፋቀ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ብናኝ ተሰግስጎበት ነበር። የገዛ ቸርኬዬን በገዛ ሥጋው እየሞረድኩት ነበር ማለት ነው። አሁን በክረምት በየሳምንቱ በመርፌ እየለቀምኩ አወጣዋለሁ፣ ቸርኬውንም በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ስወርድም ፍሬኑን ይዤ አልቆይም፤ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጌ እይዝና እለቃለሁ።

የጎኑን ውፍረት ለመለካት የቸርኬው ከንፈር ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያው) ቀጥታ አይገባም። ስለዚህ ከአሮጌ የፊት ሞዞ ያወጣኋቸውን፣ እያንዳንዳቸው 4.76 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የኩሽኔታ ኳሶች በግራሶ አጣብቄ አንዱን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አደርግና፣ ካሊፐሩ ከሚያሳየው ላይ 9.52 እቀንሳለሁ። አዲስ ሳለ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ብስክሌቱን ለወራት አልነካሁትም፤ ያም ሆኖ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የፊተኛው 0.9 ደረሰ። ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ሳያቋርጥ ጎኑን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ የሳሳ ጎን ድንገት ተሰንጥቆ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በቁልቁለት ላይ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ቸርኬ ያገለገለኝ ያኔ ነው። ዓይነቱና ልኩ አንድ ስለሆነ አዲስ ሽቦም ስሌትም አላስፈለገም፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን በፕላስተር አስረን፣ የንፋስ መግቢያ ቀዳዳዎቻቸውን አስተካክለን፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርናቸው። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ሳይመሽ አለቀ።

አሮጌውን ቸርኬ ጋሼ በሴጌቶ ቆርጠው ውስጡን እንድናይ አደረጉ። ጎኑ በፍሬን ተበልቶ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ካሊፐሩን የተቆረጠው ቦታ ላይ ሳደርገው 0.7 አነበብኩ፤ እኔ 0.9 ብዬ የለካሁት ከንፋስ መግቢያው አጠገብ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ስምንት ቦታ ነው የምለካው፤ የምቀይረውም ከስምንቱ አንዱ እንኳ 1 ሚሊሜትር ሲያሳይ ነው። የኋላው ባለፈው ወር 1.2 ነበር፤ ሌላ አር 460 እንዲፈለግልኝም ነግሬአለሁ።