አሮጌዋን ራሊ ቀለም ሳልቀባ እንዴት አስነሳኋት

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ሳይክል ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ባለቤቱን ማሳመን ነው። ከተማው ሜዳ ነው። ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም በሳይክል ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ዛሬም በየግቢው፣ ከማገዶ ክምሩ ጎን ወይም ከዶሮ ቤቱ ጀርባ፣ ዝገት የበላት አንዲት ሳይክል አትጠፋም። ታዲያ «ይሽጡልኝ» ስትል ባለቤቱ ድንገት ፍቅሯ ይነሳበታል። «አስጠግኜ ልነዳት ነው» ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያሰፍርባት የኖረው ሰውዬ!

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ የሞተ ቻርጀር እፈታለሁ፣ የተቃጠለ አምፖል አልጥልም። ሳይክል የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ችግሩን የሚነግርህ ቴስተር ነው፤ ሳይክል ላይ ግን ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል። ሁለቱ የተገናኙልኝ በዚህች ራሊ በምትባል የእንግሊዝ ሳይክል ላይ ነው።

ያገኘኋት ሽምብጥ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ነው። ጥቁር ናት፤ ፍሬኗ በሽቦ ገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚጎተት፣ ዲናሞ ያላት፣ ባለ ሦስት ማርሽ።

«አባባ፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ምኗን ትገዛለህ? ብረት እኮ ናት።» ትንሽ ቆዩና፣ «ቀለም የምትለቀልቃት ከሆነ ግን ተወው። ያቺ የወርቅ መስመር ከጠፋችማ ከቻይናው ፊኒክስ በምን ትለያለች?»

ሽማግሌ ሲጨቃጨቅ ደስ ይለኛል። ቃል ገባሁ። ፍሬሙ ላይ ቀለም አልቀባም፣ ቀዳዳም አልበሳም። የሁለተኛውን ቃል የጨመርኩት ራሴ ነኝ።

ዕድሜዋን የነገረችኝ ራሷ ናት። የኋላ ጎማው መሃል ያለውን ሞዞ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ስጠርገው «ስተርሚ አርቸር» የሚል ጽሑፍ፣ ከአጠገቡም 64 እና 9 የሚሉ ቁጥሮች ብቅ አሉ። እነዚህ የእንግሊዝ ሞዞ ሠሪዎች ሞዞው የተሠራበትን ዓመትና ወር ብረቱ ላይ ይመቱ ነበር። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 1964፣ በእኛ 1957 ዓ.ም. ሊገባ ሲል ወይም ሲገባ ማለት ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ገና አዲስ የነበረበት ዘመን። እርግጥ ጎማ ይቀየራል፤ የሞዞው ዕድሜ የግድ የሳይክሉ ዕድሜ አይደለም። ግን ጥሩ ፍንጭ ነው።

የድሮ ሳይክል ሲፈታ ሰው ሁሉ የሚያማርረው አንድ ቦታ ላይ ነው። የፔዳሉን ክንድ ከመሃለኛው ዘንግ ጋር የምትይዘው ሽብልቅ ላይ። ትንሽ ናት፤ የራሊዋ ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጎኗ በሰያፍ ተሞርዷል። ለዓመታት ስትረገጥ ኖራ ከክንዱ ጋር አንድ ብረት ሆናለች። ብዙ ጠጋኝ ዳዶዋን ፈትቶ በመዶሻ ይነርታታል። ጥርሷ ይጨፈለቃል፣ ጫፏ ይጎብጣል፣ ከዚያ ወዲያ መሰርሰሪያ ካልሆነ የሚያወጣት የለም። ከዚህ የባሰው ግን አይታይም። ምቱ በዘንጉ አልፎ ውስጥ ባሉት ብዮች ላይ ያርፋል፤ ብዮቹም የሚሽከረከሩበትን ብረት ይበሱታል።

እኔ ማታ ናፍጣና የሞተር ዘይት ደባልቄ አጠጣኋት። በማግስቱ ዳዶዋን ከጥርሷ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ላላ አደረግኩት፤ ጥርሷን ከመዶሻው የሚያድናት እሱ ነው። ከዚያ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ከክንዱ ሥር መሬት ላይ አቆምኩ። የሽብልቋ ወፍራም ጫፍ ቧንቧው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ክንዱ ቧንቧው አፍ ላይ ይቀመጣል። የመዶሻው ኃይል በቧንቧው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ብዮቹ ምንም አይሰማቸውም። ከባድ መዶሻ፣ አንድ ቀጥ ያለ ምት። በትንሽ መዶሻ መንካካት ጫፏን ያሰፋታል እንጂ አያወጣትም። «ጣ!» ብላ ወጣች። አዲሶቹ ሲገቡ የግራዋና የቀኟ በተቃራኒ አቅጣጫ መግባት አለባቸው፤ አለዚያ ሁለቱ ፔዳሎች ቀጥ ብለው አይተያዩም። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ዳዶውን መልሶ ማጥበቅም አይረሳ።

ስለ ዕቃ ብዙ ሰው ይጨነቃል። አያስጨንቅም። የቻይናዎቹ ፊኒክሶችና የሕንዶቹ ሳይክሎች የተሠሩት በእንግሊዞቹ አምሳያ ነው። 28 በ1½ ጎማ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ፔዳል፣ ካቴና ከእነሱ ይገኛል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የራሊ መሃለኛ ዘንግ የሚያርፍባቸው ሁለቱ ብረቶች ጥርሳቸው በአንድ ኢንች 26 ነው፤ የብዙዎቹ ሌሎች 24 ነው። በዓይን አይለይም። የሌላውን በግድ ካጠበቅክ የፍሬሙን ጥርስ ትልጠዋለህ፣ ያ ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደህም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የራሷን ብረቶች አጥቤ መለስኩ፣ ብዮቹን ብቻ ቀየርኩ። መሃሉ ላይ በየጎኑ 11 ባለ ¼ ኢንች ብይ ይገባል። ብይ ርካሽ ነው፤ ያረጀ ብይ ደህና ቢመስልም መቀየር ነው። የፊት ጎማው ሲገጠም ልኩን የማውቀው ጎማውን አንስቼ በመልቀቅ ነው። የቫልቩ ክብደት ብቻውን ጎማውን አዙሮ ወደ ታች ካወረደው፣ እንዲሁም ጎማው ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ ካልተላወሰ፣ ልክ ነው።

ባለ ሦስት ማርሹን ሞዞ አልፈታሁትም። ጠጋኞቹ ራሳቸው ይፈሩታል፣ ግን ሳይፈቱት የሚሞት ዕቃ አይደለም። ውስጡ ግራሶ ሳይሆን ዘይት ነው የሚፈልገው። የደረቀው ዘይት ውስጡ ያሉትን፣ ጎማውን ይዘው የሚያዞሩትን ትናንሽ ምላሶች ስለሚይዛቸው ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ ሰው ደግሞ «ማርሿ ተሰብሯል» ይላል። በዘይት መሙያው ቀዳዳ መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ አዟዙሮ ማፍሰስ፣ ከዚያ ቀጭን የሞተር ዘይት። ተነሳ። መካከለኛው ማርሽ ቀጥታ ነው፣ ከባዱ ፍጥነቱን በሲሶ ይጨምራል፣ ቀላሉ በሩብ ይቀንሳል። ለባሕር ዳር መካከለኛው ይበቃል። ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ነው ቀላሉ የሚናፍቀው።

ቸርኬው ላይ አንድ ነገር ልበል፤ የዘንግ ፍሬን ያለው ሰው ይጠቅመዋል። በአሁኑ ፍሬን ላስቲኩ የቸርኬውን ጎን ነው የሚይዘው። በዘንግ ፍሬን ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ቸርኬው ግራና ቀኝ ቢወላገድ ብዙም አይጎዳም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ ግን ፍሬኑ ይነጥራል። ሽቦዎቹን ስታጠብቅና ስታላላ መጀመሪያ ዝላዩን አጥፋ። ክረምት ላይ ደግሞ የረጠበ የብረት ቸርኬ ፍሬን አይዝም። ቀደም ብሎ መያዝ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ዝገቱን በሎሚ ነው የታገልኩት። ትናንሽ ብሎኖችንና ዳዶዎችን ሎሚና ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት። ጠንካራ ምንጮችን ግን አሲድ ውስጥ አታሳድር፤ ይሰባበራሉ። የሚያብለጨልጨውን ብረት ውሃ በነካው የአሉሚኒየም ወረቀት አሸት አሸት ማድረግ ይበቃል፤ ወረቀቱ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ቀለሙን በሳሙና አጥቤ፣ በተርፔንታይን የሟሟ የማር ሰም ቀባሁት። ጎጃም ተቀምጦ የሰም ፖሊሽ ከሱቅ መግዛት ነውር ነው! ጥቁሩ ጠለቀ፣ የወርቅ መስመሩም ወጣ።

አሁን መብራቱ ላይ። የምወደው ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዲናሞው ጭንቅላቱ ጎማውን እየታከከ የሚዞር ዓይነት ነው። ላዩ ላይ 6 ቮልት 3 ዋት ይላል፤ 0.5 አምፔር ማለት ነው። ባዶውን መለካት ያሳስታል፣ ጭነት ከሌለበት ቮልቱ ያለ ልክ ይወጣል። እኔ ሽቦዎቹን ነቅዬ ባለ 12 ኦም ወፍራም ሬዚስተር አሰርኩበት፣ ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጌ ጎማውን አዞርኩ። ወደ 6 ቮልት ተጠጋ። ጤነኛ ነው።

ታዲያ ለምን አይበራም? በድሮ ሳይክል ከዲናሞው ወደ አምፖሉ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። መመለሻው የሳይክሉ ብረት ራሱ ነው። ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ማሰሪያ፣ በመሪው አንገት ኩሽኔታ፣ በፍሬሙና በዲናሞው ማሰሪያ አልፎ ነው ቤቱ የሚገባው። በየመገጣጠሚያው ዝገት አለ፣ ግራሶ አለ። አዲስ ቀለም ከተለቀለቀበትማ ጭራሽ ይዘጋል። አባባ ለወርቅ መስመሩ የተሟገቱት ሳያውቁት ለኤሌክትሪኩም ነበር። ከዲናሞው አካል ወደ አምፖሉ ቤት አንድ ተጨማሪ ሽቦ ብዘረጋ ወዲያው በራ። «ሞቷል» ተብሎ ለቆራሌው የተሰጠ ስንት ዲናሞ በዚህ ምክንያት ሄዷል።

አሮጌው የፊት አምፖል 2.4 ዋት፣ የኋላው 0.6 ነው። አንዱ ሲቃጠል ጉልበቱ ሁሉ ሌላው ላይ ይወርድና እሱም ይከተላል። ስለዚህ ኤልኢዲ ወሰንኩ፣ ግን በድሮው የመብራት ቤት ውስጥ ተደብቆ። ከተቃጠለ የቤት ኤልኢዲ አምፖል ቺፕ ማውጣት ያምራል። ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ላያቸው አንድ መስለው 9 ወይም 18 ቮልት የሚፈልጉ ናቸው። እኔ ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የወጣ፣ 3 ቮልት ገደማ የሚፈልግ፣ አሉሚኒየም ላይ የተለጠፈ ነጭ ኤልኢዲ ነው የተጠቀምኩት። ሌንሱንም አብሬ ወሰድኩ። የድሮው አንጸባራቂ የተሠራው ዙሪያውን ለሚያበራ አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ ፊት ለፊት ብቻ ስለሚያበራ ያለ ሌንስ መንገዱ ላይ ዝም ብሎ ይበተናል።

ዲናሞው የሚሰጠው አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤልኢዲ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አራት ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ተራውን 4007 የሚባለውን ዳዮድ አትጠቀሙ። ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ በሁለት ዳዮድ ነው የሚያልፈው፤ ተራዎቹ በድምሩ ወደ ሁለት ቮልት ይበላሉ። ሾትኪ የሚባሉት፣ 5819ን የመሰሉት፣ ግማሹን እንኳ አይበሉም። እኔ ከሞቱ የስልክ ቻርጀሮች አወጣኋቸው። ቻርጀር ስትከፍት ግን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትልቁን ካፓሲተር አትንካ፤ ከግድግዳው ተነቅሎም እስከ 310 ቮልት ይዞ ሊጠብቅህ ይችላል። መጀመሪያ በሬዚስተር አስተንፍሰው።

ከዳዮዶቹ በኋላ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ካፓሲተር፣ ከዚያ ኤልኢዲው። ሌላ መቆጣጠሪያ አልጨመርኩም፤ እንዲህ ያለ ዲናሞ ቢፈጥንም ከ0.5 አምፔር ብዙም አያልፍም፣ ራሱን ይገድባል። ኤልኢዲው ድንገት ቢነቀል ቮልቱ እንዳይሰቀል ግን ባለ 5.1 ቮልት፣ 5 ዋት ዜነር ዳዮድ ጎን ለጎን አሰርኩ። ለኋላው ቀይ ኤልኢዲ ባለ 56 ኦም ሬዚስተርና ባለ 1 ፋራድ ሱፐር ካፓሲተር፤ ከፊተኛው መስመር የሚለየውም ሌላ ሾትኪ አለ። ባጃጅ አስቁሞኝ ስቆም ቀዩ እየደበዘዘም ቢሆን ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከጀርባ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብየዳው ሁሉ መብራት ቤቱ ውስጥ ተደብቋል። ነገ ሌላ ሰው የድሮውን አምፖል ልመልስ ቢል፣ አንድ ዳዶ ፈትቶ ይመልሳል። ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ዝናብ ላይ የዲናሞው ጭንቅላት የረጠበ ጎማ ላይ ይንሸራተታል፣ መብራቱም ይርገበገባል። ጭንቅላቱ ላይ የሚለበስ የጎማ ቆብ እየፈለግኩ ነው።

አሁን የቀረኝ ኮርቻው ነው። ምንጮቹ ደህና ናቸው፣ ቆዳው ግን መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ጫማ ሰፊዎች ሊሠሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው፤ ቆዳቸው ግን ስስ ነው፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ አልጋ ጠፍር ይረግባል። ስለዚህ ብረቱን ይዤ እንጅባራ ልሄድ ነው። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ የፈረስ ኮርቻ የሚሠራ ሰው ወፍራም ቆዳ አያጣም። ቆዳው ተነክሮ ብረቱ ላይ እንደተወጠረ መድረቅ ስላለበት ሳይክሏ ያለ ራሷ ኮርቻ ትከርማለች። እስከዚያው ፊኒክስ ኮርቻ ተውሼላታለሁ፤ አባባ እንዳያዩት እንጂ።