የእንጀራ ቤት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ታኅሣሥ 29 በመጣ ቁጥር «ቤተልሔም» የሚለው ስም ከአፋችን አይጠፋም። ትርጉሙን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን «የዳቦ ቤት» እንላለን። ልክ ነው፤ በዕብራይስጥ «ቤት» ያው የኛው ቤት ነው፣ «ሌሔም» ደግሞ ዳቦ። ለእኔ ግን ስሙ ልቤ ድረስ የሚገባው «የእንጀራ ቤት» ሲባል ነው። ዕብራውያን «ሌሔም» ብለው ዳቦውን ብቻ ሳይሆን ምግብን በጠቅላላ ይጠሩበታል። እኛም «እንጀራ» ስንል ኑሮውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ጉሮሮ ጭምር ማለታችን ነው። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት አባቶች በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ብለው መጻፋቸው ሁሌም ደስ ይለኛል።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል ይህንኑ ሳጫውታት «እዚህ እኮ ላሕም ማለት ሥጋ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዕብራይስጥ ዳቦ የሆነው ሥር በዓረብኛ ሥጋ ነው፤ ከተማዋንም ዓረቦች «ቤት ላሕም» ነው የሚሏት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዳቦና ሥጋ በአንድ ቃል መገናኘታቸው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ለቅዳሴ ኅብስቱ የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ስሟ ቤተልሔም አይደል? ልጅ ሆኜ ከእናቴ ነጠላ ሥር ተወሽቄ ቃጭሉን እሰማ ነበር። ዲያቆኑ መሶበ ወርቁን ይዞ ከዚያች ቤት ብቅ ሲል፣ ጃንጥላው ከላይ ተዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ይላል። ያ ኅብስት ነው በቅዳሴው ሥጋው የሚሆነው። ትርጉሙን ማንም ሳይነግረኝ ቃሉን በሽታው ነው ያወቅኩት፤ ትኩስ የስንዴ ሽታና ዕጣን።

ዘንድሮ ግን በቤተልሔም ስም ይበልጥ የማስባት ኑኃሚንን ነው። መጽሐፈ ሩት ሲጀምር በአገሩ ረኃብ ገብቷል። የእንጀራ ቤት እንጀራ አጣ! ኑኃሚን ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች። እንጀራ ፍለጋ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ባሏ እዚያው ሞተ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ልጆቿም ሞቱ። ከምራቷ ከሩት ጋር ባዶ እጇን ስትመለስ የከተማው ሴቶች «ይህች ኑኃሚን ናትን?» አሉ።

የኑኃሚን ስም ደስታን፣ ጣፋጭነትን የሚያመለክት ነው። እሷም በዚያ ስም መጠራት አቃታትና «ማራ በሉኝ» አለቻቸው። ይህን ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ መተርጎም አያስፈልግም፤ መረረ፣ መራራ፣ ምሬት ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። (ድምፁ የተመሳሰለ ሁሉ ግን ትርጉሙም አንድ አይደለም፤ በግእዝ «ገብር» አገልጋይ ሲሆን የዕብራይስጡ «ጌቬር» ብርቱ ወንድ ነው። ገብርኤልን ስንተረጉም መጠንቀቅ ይገባናል።)

እኔን የሚነካኝ ማንም «እንዲህ አይባልም» ብሎ አለመገሠጹ ነው። ምሬቷ እንዳለ ተጽፏል። ተራኪው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ማራ ብሎ አልጠራትም፤ እስከ መጨረሻው ኑኃሚን ናት። የደረሱትም የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነበር። ሩት ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ለቀመች፣ ቦዔዝን አገባች፣ ወለደች። ያኔ እነዚያው ጎረቤቶች «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» ብለው ለሕፃኑ ስም አወጡለት፤ ኢዮቤድ፣ አገልጋይ እንደማለት። የዳዊት አያት ነው። ከዳዊት ወገን የሆነው ዮሴፍ ለመቆጠር ማርያምን ይዞ የወጣው ወደዚችው ከተማ ነው፤ ሕፃኑም የተኛው በግርግም፣ ከብት በሚበላበት፣ በእንጀራ ቤት።

ዘንድሮ ቤታችሁ የጎደለባችሁ፣ ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ በሰው አገር ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታዩ፣ ይህን ስጽፍ እናንተን እያሰብኩ ነው። «ማራ በሉኝ» ብትሉም እሰማችኋለሁ። በስማችሁ መጥራቴን ግን አልተውም።

እናቴ አሁን ድፎውን ከምጣዱ አውጥታ የተቃጠለውን ኮባ እየላጠች ነው። የመጀመሪያውን ቁራሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሶቡ ውስጥ ታስቀምጣለች። የእህቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየገናው አስቀምጣለች።

መልካም ገና!